ለሰላምታ የሚበቃ ፍጥነት

ጣርማበርን አልፎ ወደ ቆላ የሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ መንገደኛ የቁልቁለቱን ርዝመት የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ ድፍን፣ ክፍት ይልበታል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርድና ጉም ተነስቶ፣ በጣልያን ጊዜ የተፈለፈለውን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲና፣ አርማንያ እያለ ሲወርድ መጀመሪያ ጋቢው ይታጠፋል፣ ቀጥሎ ሹራቡ ይወልቃል፣ በመጨረሻም መስኮቱ ይከፈታል። ሸዋሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ወርዷል። መንገደኛው ምሳውን በልቶ፣ ለቤቱ ማንጎና ፓፓያ ሸምቶ ተመልሶ ይሳፈራል። ከዚያ ወዲያ ያለው የይፋት ሜዳ ለብዙው ሰው የእንቅልፍ ሰዓት ነው። ሹፌሩ በቁልቁለቱ የባከነበትን ጊዜ የሚያካክሰው እዚህ ነው፤ ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ ለዓይን ሳይጠግቡ በመስኮት ያልፋሉ።

ይህን ሜዳ በብስክሌት ላይ ሆኖ ያየ ሰው ሌላ አገር ነው የሚያየው። የምለው በእሽቅድምድም ብስክሌት አጎንብሶ ስለሚበር ወጣት አይደለም። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በሰዓት አሥር ወይም አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ ዳገት ሲመጣ ወርዶ የሚገፋውን፣ ጥላ ሲያገኝ የሚቆመውን ሰው ማለቴ ነው። ከሸዋሮቢት አጣዬ ድረስ ያለው ወደ 45 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ለመኪና የአንድ ሰዓት ጉዳይ ነው። በዝግታ ለሚነዳ ግን ረፍዶ ፀሐይ እስኪበረታ የሚዘልቅ፣ ብዙ ሰላምታ ያለበት ጉዞ ነው።

ቆላ ነውና መውጣት በጠዋት ነው። በ12 ሰዓት የሸዋሮቢት አየር ገና ቀዝቃዛ ነው፤ በስተምዕራብ የመንዝና የጣርማበር ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሞ ጫፉ ብቻ ፀሐይ ይነካዋል። በዚያ ሰዓት ከሁሉ ቀድሞ የሚከፈተው ሱቅ የጎሚስታው ነው። አንድ ጠዋት ከመንገዱ ዳር አንዱ ጋ ቆሜ ነበር። ልጁ የብስክሌቴን የኋላ ጎማ ፈቶ፣ ካላማዳሪውን አውጥቶ፣ በጥቂቱ ነፋ አድርጎ በውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ እየዞረ ይነክረዋል። ከአንድ ቦታ ቀጭን የአረፋ ክር ወደ ላይ ወጣ። ጣቱን እዚያው ላይ አድርጎ አደረቀው፣ በሞረድ ፈገፈገው፣ ማስቲሽ ቀባና እፍ እፍ እያለ ጠበቀ። ጎማውንም በውስጥ በኩል በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ነጭ የግራር እሾህ ነቅሎ አሳየኝ። የዚህ አገር እሾህ ከሚስማር አያንስም።

«ጋሼ፣ ንፋሱን ላጠንክረው?»

«ተው ወንድሜ፣ ትንሽ ለስለስ ይበል።»

ጠጠር መንገድ እንዳለብኝ ገባው። በጣም የተነፋ ጎማ በአስፋልት ላይ ይፈጥናል፣ በጠጠር ላይ ግን እያንዳንዷን ድንጋይ ለወገብ ያደርሳል። ለመዝናናት የሚነዳ ሰው ከፍጥነቱ ጥቂት ሰጥቶ ምቾት ይገዛል።

ዝግታ ለምን እንደሚመች የሚያስረዳ ቀላል የፊዚክስ ነገር አለ። በሜዳ ላይ ብስክሌት የሚነዳን ሰው የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጎማው ከመሬቱ ጋር የሚያደርገው መፋተግና አየሩ። የጎማው ጫና ፍጥነት ቢጨምርም ብዙም አይለወጥም። አየሩ ግን ቂመኛ ነው። ፍጥነቱን ከ10 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ያሳደገ ሰው አየሩ የሚገፋው በአራት እጥፍ ኃይል ነው፤ መንገዱንም በግማሽ ጊዜ ስለሚጨርስ አየሩን ለማሸነፍ እያንዳንዷ ሰከንድ የምትጠይቀው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የሚቸኩል ሰው ላቡን የሚያፈሰው አብዛኛውን አየር ለመሰንጠቅ ነው። የማይቸኩለው ይህን ግብር ሳይከፍል ያልፋል። በመካከለኛ ፍጥነት፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነዳ ሰው የሚያወጣው ጉልበት በእግሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ ሰው ጋር ይቀራረባል። ድካሙ የእግረኛ፣ ርቀቱ ሦስት እጥፍ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኦክስፎርዱ ኤስ. ኤስ. ዊልሰን በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ይህን ከእንስሳትና ከማሽኖች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ክብደትን ከቦታ ቦታ ለማድረስ በሚጠይቀው ጉልበት ሲለካ ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው ከፈረሱም፣ ከወፉም፣ ከአውሮፕላኑም ቀድሞ ተገኘ።

በቆላ ደግሞ የሙቀቱ ነገር አለ። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ምግብ ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሮጦ የሚነዳ ሰው ውስጡ ምድጃ አንድዶ ነው የሚሄደው። በዝግታ የሚነዳው የሚያወጣው ሙቀት ጥቂት ነው፣ መሄዱ የሚፈጥረው ንፋስም ላቡን ያደርቅለታል። ለዚህ ነው በይፋት ሜዳ ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ከእግረኛው ይልቅ የሚቀዘቅዘው፤ ላብ የሚመጣው ሲቆሙ ነው። እንዲያም ሆኖ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ማንም ቢሆን ግራር ሥር መግባት አለበት። ውኃም ሳይጠሙ በፊት ነው የሚጠጣው።

ሜዳ እንላለን እንጂ ሜዳው ሜዳ አይደለም። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች፣ ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አጣዬ፣ ሁሉም መንገዱን አቋርጠው በስተምሥራቅ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳሉ። ወደ እያንዳንዳቸው ሲቃረቡ መንገዱ ዝቅ ይላል፣ ድልድዩን ሲያልፉ ቀና ይላል። በመኪና ይህ አይታወቅም። በብስክሌት ላይ ግን ወንዝ መቅረቡን ዓይን ሳያይ እግር ያውቀዋል፤ ፔዳሉ ይቀላል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ እርጥብ ቅጠል ይሸታል። በበጋ የወንዙ አልጋ ሰፊ አሸዋና ክብ ድንጋይ ነው፣ ውኃው ከዳር አንድ ጥግ ይዞ ይፈስሳል። ከድልድዩ በታችና በላይ በቦይ የተጠለፈው ውኃ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ማንጎውን ያጠጣል። ሽንኩርት በሚነቀልበት ወቅት መንገዱ በሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ ይህን ሽታ አውቶቡስ ውስጥ ያለ ሰው ለአንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ አያገኘውም።

በጥቅምትና በኅዳር ማሽላው ሲያሸት ደግሞ ጆሮ ሥራ ያገኛል። ከእርሻው መሐል በእንጨት የተሠራ ማማ ላይ ልጆች ቆመው ወፍ ይጠብቃሉ። ወንጭፉ ሲዞር ቀጭን ፉጨት አለው፣ ድንጋዩ ሲለቀቅ ገመዱ ጧ ይላል፣ የወፉ መንጋ ከማሽላው ራስ ላይ ተነስቶ አንድ ዙር ዞሮ ሌላ ሰው ማሳ ላይ ያርፋል፣ ከዚያኛውም ማማ ሌላ ጩኸት ይነሳል። ይህ ከማማ ወደ ማማ የሚሸጋገር ድምፅ ከብስክሌቱ እኩል አብሮ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ብስክሌት የራሱ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሰንሰለቱ ዘይት ከጠጣ። የሰውና የወፍ ወሬ እየሰሙ ለመሄድ ሞተር የሌለው ነገር ያስፈልጋል።

የሁሉ ማዕከል ግን ሰላምታ ነው። የእኛ አገር ሰላምታ ጊዜ ይፈልጋል። እንደምን አደራችሁ ተብሎ፣ ፈጣሪ ተመስግኖ፣ ከብቱ፣ ልጁ፣ አዝመራው ተጠይቆ ነው የሚያበቃው። በይፋት ደግሞ የሚያገኙትን ሰው አይቶ ሰላምታን መምረጥ ነው፤ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ በአንድ መንገድ ይሄዳል። አንዱን እንደምን ዋሉ፣ ሌላውን አሰላሙ አለይኩም፣ ሌላውን አካም ይላሉ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር ሰው ለማንም ሰላምታ አይሰጥም፤ ቢሰጥም ጥሩምባ ነው። 25 የሚነዳ ብስክሌተኛ እጁን አንስቶ ያልፋል፣ መልሱን አይሰማም። 10 ወይም 12 የሚነዳ ግን ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ገና ከሩቅ ይለየዋል፣ ሲቀርብ ይናገራል፣ መልሱን ይሰማል፣ ካለፈም በኋላ ዞሮ አንድ ቃል መጨመር ይችላል። ተገቢውን ፍጥነት ለማወቅ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያ አያስፈልግም። የሰላምታህ መልስ ከደረሰህ ፍጥነትህ ልክ ነው።

መንገዱ ራሱ በዚህ ልክ የተቀየሰ ነው። ይፋት ከዘይላ ወደብ ወደ መሀል አገር የሚመጣው የቅፍለት ነጋዴ መተላለፊያ ነበር፤ ጨውና ጨርቅ በግመል ይወጣል፣ የደጋው ምርት ይወርዳል። በ14ኛው መቶ ዘመን የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገነነው፣ ዓፄ አምደ ጽዮንም እ.ኤ.አ. በ1332 ከይፋት ጋር የተዋጉት ይህ መንገድ ምን ያህል እንደሚያወጣ ስለሚታወቅ ነው። ከተራራው ወገብ ላይ ኖራ፣ አስባሪ፣ መሳል የሚባሉት የዚያ ዘመን ከተሞች የድንጋይ ፍርስራሽና መስጊዶች ዛሬም አሉ። ግመል በሰዓት አራት ወይም አምስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከተማው፣ ገበያው፣ ውኃው የተራራቀው በእግረኛና በግመል ጉልበት ነው። በብስክሌት ሲኬድ ታዲያ ቦታዎቹ መታየት በሚገባቸው ልክ ይመጣሉ፤ ሲደክም ከተማ ይደርሳል፣ ሲጠማ ወንዝ ይመጣል።

እሑድ ከሆነ የሰንበቴ ገበያ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የመንገዱ ዳር ይሞላል፤ አህያ የጫነች፣ ፍየል የሚነዳ፣ ቅርጫት ያዘለች፣ ከምሥራቅ በኩል ግመሎቻቸውን በረድፍ ይዘው የሚመጡ አፋሮች። መኪና በዚህ መሐል ገብቶ ሰውን ይበትናል። ብስክሌት ሰው መሐል ይገባና ሰው ይሆናል።

በዚያ መንገድ ላይ አንድ አዛውንት በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሲሄዱ ደረስኩባቸውና ጎን ለጎን ሄድን።

«ወዴት ነው በጠዋቱ?» አሉኝ።

«እንዲሁ ነው አባባ፣ ልንሸራሸር ብዬ።»

ዝም ብለው ጥቂት ሄዱ። «እንዲሁ? ምነው፣ ደህና አይደለህም?»

ጥያቄያቸው ከልብ ነበር፣ ከልቤም አስቤበታለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ያለ ጉዳይ የሚሄድ ሰው የለም። የሚሄደው ገበያ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ዝየራ፣ ጠበል፣ ፍርድ ቤት ነው። ያለ ጉዳይ መሽከርከር የልጅ ጨዋታ ነው፣ ወይም ጭንቀት። የአውሮፓ ሰው ለመዝናናት ሲነዳ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ መሐሉ ባዶ ቢሆን ግድ የለውም። የእኛ መዝናናት ግን ጉዳይ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ነው፤ ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ ጥላ ሥር የሚጫወት፣ ገበያ ውሎ ሦስት ሰው ቤት ቡና የሚጠጣ ሕዝብ ነን። ከዚያ ወዲህ ብስክሌት ላይ ስወጣ ጉዳይ እይዛለሁ። ማሾ የሚሸጥልኝ ሰው አለኝ፣ የምጠይቀው ሽማግሌ አለኝ፣ የማደርሰው መልእክት አይጠፋም። ለጉዳዩ ከሚያስፈልገው ጊዜ እጥፉን መድቤ እነሳለሁ። የዝግታ ብስክሌት ደስታው ያለው በዚያ በተረፈው ሰዓት ውስጥ ነው።

ኢትዮጵያ ብስክሌትን በአደባባይ የምታስታውሰው በፍጥነቱ ነው። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1956 አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ በጎዳና ውድድር ተሰልፈዋል። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ተካሄደ። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ብስክሌትን በአገራችን ያኖሩት ያልተወዳደሩት ናቸው። ባሕር ዳርን የብስክሌት ከተማ ያሰኛት በዘንባባው ጥላ ሥር ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ሥራ የምትነዳው ሴት፣ ከኋላ ልጅ ከፊት ዘንቢል የጫነው አባት ነው። ሐዋሳም፣ ባቱም፣ ድሬዳዋም እንዲሁ። ሁሉም ሜዳማ ናቸው፣ በሁሉም ባጃጅ ሲበዛ ብስክሌቱ ወደ ዳር ተገፍቷል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ ዋና ዋና ጎዳናዎችን በተወሰኑ እሑዶች ለመኪና ዘግታለች፣ በቅርብ ዓመታትም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር አስምራለች። ለሸዋሮቢትና ለአጣዬ የሚያስፈልገው ከዚያ ያነሰ ነው፤ መንገዱ ሲታደስ ከነጩ መስመር ውጭ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ደህና ትከሻ ቢተዉለት እግረኛው፣ አህያው፣ ብስክሌቱ ሁሉ ይድናል። አሁን የአስፋልቱ ጠርዝ በየቦታው ተቆርሶ ወደ ጠጠሩ ይጥላል። ከባድ መኪና ከኋላ ሲመጣ ክብርን ትቶ ወርዶ መቆም ነው። ማታማ ጨርሶ መንዳት አይገባም።

በዝግታ መንዳት ከፈጣኑ ይልቅ ጥበብ ይፈልጋል። ብስክሌት ሲፈጥን ራሱን ያቆማል፣ ሲዘገይ ይወድቃል። ካርል ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 በማንሃይም ሁለት ጎማ ያለውን እንጨት ሲነዳ ፔዳል እንኳ አልነበረውም፤ በእግሩ መሬት እየገፋ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ቅርጽ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ በንፋስ የሚነፋው የደንሎፕ ጎማ ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ። ሰው ግን ለምን እንደማይወድቅ ሙሉ በሙሉ ሳያውቅ ከመቶ ዓመት በላይ ነዳ። ጎማው ስለሚሽከረከር ነው ይባል ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. የሆላንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የጎማዎቹን የመሽከርከር ኃይል የሚያጠፋ ብስክሌት ሠርተው ማንም ሳይዘው ቀጥ ብሎ ሲሄድ አሳዩ። ዋናው ነገር ሲያዘነብል መሪው ወዳዘነበለበት መዞሩ ነው፤ ጎማዎቹ ሁልጊዜ ከሚወድቀው አካል ሥር ይገባሉ። በዝግታ ሲሄዱ ይህን ሥራ እጅ ራሱ መሥራት አለበት፤ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ዓይን ሩቅ እያየ። በሰዓት ኪራይ ብስክሌት የሚለማመዱ የሰፈር ልጆች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ኮርቻው ላይ የማይደርስ ልጅ እግሩን ከአግድሙ ብረት ሥር አሾልኮ፣ ብስክሌቱ ወደ አንድ ወገን እሱ ወደ ሌላ ወገን አዘንብለው፣ በመካከል ሚዛን ፈጥረው ይሄዳሉ። አንዳንድ ጊዜም ማን መጨረሻ ይደርሳል ብለው ይወዳደራሉ፤ እግሩን መሬት ያስነካ ተሸነፈ። ለመዘግየት እንዲያ ሲታገሉ ማየት ያስደስተኛል።

ስለዚህ መንገድ ደስታ ጽፎ ስለ ሰላም አለመጻፍ አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጥላለች። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋሮቢትን አልፎ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ወጥቷል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህም የአማራ ክልል ግጭት ማጀቴንም ሸዋሮቢትንም አልተዋቸውም፤ መንገዱ የሚዘጋበት፣ ሰው የሚቀበርበት ጊዜ ሆኗል። በመኪና የሚያልፍ ሰው መስኮት ዘግቶ ይፈጥናል። ብስክሌት ላይ ያለ ሰው የሚዘጋው መስኮት የለውም። በዝግታ መንዳት የሚቻለው ከፊት የሚመጣውን ሰው ሳይፈሩ ማየት ሲቻል ብቻ ነው፤ የማያውቁትን ሰው ሰላም ለማለት ድፍረት የማይጠይቅበት ቀን ሲኖር። ባልሆነበት ቀን ብስክሌቱ ቤት ይቀራል፣ ሰውም ይቀራል። ብዙ ጠዋት እንዲህ ቀርቷል፤ ያ ያሳዝነኛል፣ ያስቆጣኛልም።

በደህናው ቀን ግን ከካራቆሬ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ማጀቴ መታጠፍ ነው። ዋናው መንገድ ከኋላ ሲቀር የከባድ መኪናው ጩኸት አብሮ ይቀራል፣ ተራራውም እየቀረበ ይመጣል። ዳገቱ ሲጀምር ወርጄ መግፋት እወዳለሁ። መግፋት ሽንፈት የሚመስላቸው ብስክሌተኞች አሉ፤ በዚህ መንገድ ግን የተሻለው ወሬ የሚገኘው ሲገፉ ነው። በአንዱ ዳገት ከገበያ የምትመለስ እናት ባዶ ጆንያዋን አጣጥፋ ይዛ፣ እኔም መሪውን ይዤ አብረን ወጣን። የብስክሌቱን ዋጋ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። የኋላውን መጫኛ በእጇ ነቅነቅ አድርጋ አየችው።

«ኩንታል ይችላል?»

«ግማሹን ይችላል።»

«ልጄ ከወፍጮ ቤት የሚያመጣው ያንኑ ነው» አለች፤ ከዚያ በሴት ልጅ ይነዳ እንደሆነ፣ ጎማው በሸዋሮቢት ይገኝ እንደሆነ፣ ያገለገለ የሚሸጥ አውቅ እንደሆነ እየጠየቀችኝ ዳገቱን ጨረስነው።